ወደ ግራ የማትታጠፈው መኪና

በድሉ የተንጠለጠለ ክር አይቶ አያልፍም። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ ሽሮ ሜዳ ውስጥ አመሉን የማያውቅ ሰው ስለሌለ ሐሜት ልትሉት አትችሉም። ቁም ነገር እያወራችሁት እንኳ ዓይኑ ከሸሚዛችሁ ጫፍ ከወረደች አንዲት ክር አይነቀልም። ወሬያችሁን በትዕግሥት እየሰማ እጁን ቀስ አድርጎ ይሰድና ይቋጥራታል። አንድ ቀን ባለቤቴን ሸምሰዲንን ስለ ኑሮ ውድነት ሲያወያየው ቆይቶ፣ የሹራቡን የሁለቱን እጅጌ ክሮች እርስ በርሳቸው ቋጥሮለት ሄደ። ሸምሰዲን ሻይ ሊያነሳ ሲል ሁለት እጁ አብሮ ተነሳ።

ዓሊማ እባላለሁ፤ ክር ነጋዴ ነኝ። ሱቄ ከበድሉ የሽመና ቤት ፊት ለፊት ስለሆነ፣ የዚያን ሰውዬ ኑሮ ከራሴ ኑሮ ይልቅ አይቼዋለሁ ብል ውሸት አይሆንብኝም። አባቱ ከጨንቻ መጥተው እዚሁ ሰፈር ሲሸምኑ ኖረው፣ እዚሁ ሲሸምኑ ያረፉ ሰው ናቸው። በድሉም በልጅነቱ እግሩን እዚያች የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ከከተተ ወዲህ ለምሳና ለጸሎት ካልሆነ በቀር ሲወጣ አላየሁትም። ሸማው ጥሩ ነው፤ ጥለቱ ዓይን ይስባል። እሱ ራሱ የሚኮራበት ግን ቅጥያው ነው። አንዱ ድር ሲያልቅ የአዲሱን ድር ክር ከአሮጌው ጫፍ ጋር አንድ በአንድ ይቋጥራል፤ ጨርሶ ሲያሳያችሁ ቋጠሮውን በጣታችሁ ዳብሳችሁ አታገኙትም። ባለቤቱ ሰርኬ ሸማውን ትሸጣለች፣ ቤቱን ትመራለች፣ እሱንም ትመራዋለች። ያለቻቸው ልጅ አንዲቷ ሲና ናት። እሷ ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች።

ይህ ሁሉ ሰላም ሳለ በድሉ መኪና ገዛ። ሸማ መሸከም ወገቤን ቆረጠኝ ብሎ ነው የገዛት፤ ነጭ ናት፣ አሮጌ ናት፣ ግን ትሄዳለች። በገዛት ቀን ሁላችንም ወጥተን መረቅን። በማግስቱ ኮፈኗን ከፈተና ያየውን አየ። ከባትሪው ጎን አንዲት ነጭ ሶኬት፣ ምንም ሳይሰካባት አፏን ከፍታ ተንጠልጥላለች። ወረድ ብሎ ደግሞ ቡናማ ሶኬት አለች፤ እሷም ባዶ። ከኋላ በኩል የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ሳጥን ተለጥፋለች፤ ከእሷ የሚወጡ ሽቦዎች ጫፋቸው የትም አልደረሰም። በድሉ ሱቄ መጥቶ፣ መኪናዋ ሳታልቅ ነው የሸጡልኝ አለ። ፊቱ ላይ እውነተኛ ሐዘን ነበር።

ሽሮ ሜዳ ላይ ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የሚቆም ሰው የለም። ወዲያው ተሰበሰብን። አቢ የሚባለው የታክሲ ሾፌር አንገቱን አስግጎ አየና ነጯ ሶኬት የኤርባግ ናት፣ ከነካችኋት ትፈነዳለች ብሎ ፈረደ። ሁላችንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልን፤ እሱ ግን ከሁላችንም ርቆ ቆመ። ሸምሰዲን ጥቁሯ ሳጥን የድሮው ባለቤት በድሉ የት የት እንደሚውል የሚያይባት ናት አለ። በድሉ ከሽመና ጉድጓዱ እስከ እኔ ሱቅ ድረስ እንደሚውል አውቆ ሰውዬው ምን እንደሚጠቅመው ግን ሊነግረን አልቻለም። አንድ አዛውንት ራዲዮ ነው ብለው ሄዱ። እኔም ዝም ማለት ነውር መስሎኝ የጸጉር ማድረቂያ መሰኪያ ትመስላለች አልኩ። ማንም አልሳቀም፤ እንዲያውም በድሉ ለተወሰነ ጊዜ አሰበበት።

በመጨረሻ ቶለሳን ጠሩት። ቶለሳ አዲሱ ገበያ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ነገሩን በአንድ ጊዜ አይቶ ጨረሰው። ፋብሪካው ለሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ሽቦ ይዘረጋል አለ፤ የጭጋግ መብራት ያዘዘ ነጯ ላይ ይሰካለታል፣ ያላዘዘ ባዶዋን ይተዋታል። ቡናማዋም እንደዚያው። ጥቁሯ ሳጥን ደግሞ አንድ ሰው በኋላ ያስገጠማት አላርም ናት፤ ሞታለች። ምንም የጎደለ ነገር የለም፣ ተዋቸው ብሎ ኮፈኑን ዘጋ። በድሉ መልሶ ከፈተው። የሚሰካባት ነገር ከሌለ ታዲያ ለምን ሠሯት ብሎ ጠየቀ። ቶለሳ ምናልባት ብለው ነዋ አለው።

ይህ "ምናልባት" የሚሉት ነገር በድሉን ክፉኛ አስቀየመው። ሰው ለምናልባት ክር አይዘረጋም እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ከረመ። መወርወሪያውን ይወረውርና በመሀል ቆም ይላል፤ ወጥቶ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ያይና ይዘጋል። ሰርኬ ይህን ሰው መኪናዋ ናት የወሰደችው፣ እኔንም እንዲህ አይቶኝ አያውቅ ትለኛለች።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሰርኬ ለገበያ ስትወጣ ጠብቆ የሚያውቀውን አደረገ። ድር እንደሚቀጥል ሆኖ ቀጠላቸው። ነጩን ሽቦ ከነጩ፣ ቡናማውን ከቡናማው፣ ከሳጥኗ የወጣውን ባለ መስመሩን ደግሞ ባለ መስመር ከሆነ ሌላ ሽቦ ጋር አጋጠመ። ሶኬቱ አልገጥም ሲለው ሽቦውን ልጦ በሸማኔ ቋጠሮ ቋጠረው፤ በናስትሮም ጠቀለለው። ናስትሮው ሲያልቅበት ሱቄ መጥቶ የጥለት ክር ወሰደ። ለነጠላ መስሎኝ ቀዩንም አረንጓዴውንም መርጬ ሰጠሁት። ሲጨርስ ጠርቶን አየነው፤ አላህ ያውቃል፣ እንደዚያ ያማረ ሞተር አይቼ አላውቅም። ሽቦው ተጎንጉኖ፣ በቀይና በአረንጓዴ ተጠልፎ፣ ጫፍ የሚባል ነገር ጠፍቷል።

ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ተነሳ። በድሉ በኩራት አየን። መብራቱን ሞከረ፣ በራ። የቀኝ ፍሬቻ ሞከረ፣ ብልጭ ብልጭ አለ። የግራ ፍሬቻ ሲሞክር ግን ክላክሱ ፍሬቻውን ተከትሎ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። አጠፋው፤ ዝም አለች። መልሶ አበራው፤ ጢጥ፣ ጢጥ። ከሽመና ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ወጡ።

መጀመሪያ ላይ ግድ አልሰጠውም። ችግሩ የመጣው መንገድ ላይ ነው። ወደ ግራ ሊታጠፍ በቆመ ቁጥር ፊቱ ያለው ሾፌር እኔን ነው የሚያቻኩለኝ እያለ ይወርድበታል። ገበያ መሀል ደግሞ የተሸከመ ሁሉ ደንግጦ ጥጉን ይይዛል። አንድ የትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ምን አድርገውህ ነው ክላክስ የምትነፋው ሲለው፣ ኧረ ወደ ግራ መታጠፍ ፈልጌ ነው አለው። ፖሊሱ እስቲ ድገመው አለ። ደገመለት። እዚያ ማዶ ያለውን ጓደኛውን ጠርቶ እንደገና አስደገመውና፣ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ቆይተው፣ ሂድ አስተካክላት ብለው ለቀቁት። ቶለሳ በአንድ አፍታ እፈታልሃለሁ ቢለው በድሉ ፊቱን አጠቆረ። ቋጠሮዬን የሚፈታ ሰው አልተፈጠረም አለ።

ያለ ፍሬቻ መታጠፍም ነውር ነው ስለሚል፣ ወደ ግራ መታጠፍ ተወ። በቃ፣ ተወ። በቀኝ ብቻ እየታጠፈ መኖር ጀመረ። ግራ ላይ ያለ ዳቦ ቤት ለመድረስ ሰፈሩን በሙሉ በቀኝ ይዞራል። ሰርኬ ገበያ ውላ ሲመለሱ ከግራው መታጠፊያ ላይ ትወርድና ዘንቢሏን ይዛ በእግሯ ትገባለች፤ እሱ ዞሮ ዞሮ እስኪመጣ ሽንኩርቱን ከትፋ ወጡን ትጥዳለች። ሰው ሲጠይቃት ባሌ እየመጣ ነው፣ አሁን በእንጦጦ በኩል ነው ትላለች።

እንዲህ እየሳቅን ሳለ ሲና ልታገባ ሆነ። ልጁ ሮቤል ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሥራው ግን ሐዋሳ ነው። ከሠርጉ ማግስት ይዟት ሊሄድ ነው። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አባት ልጁን ይዞ እስከ በሩ ይመጣና ለሙሽራው ያስረክባል። በድሉም ልጄን በገዛ መኪናዬ ነው የማደርሳት አለ። ሰርኬ በዚህ ነገር ድርቅ አለች። ልጄ በሠርጓ ቀን ጢጥ ጢጥ እያለች እግዚአብሔር ቤት አትገባም፣ አበባ የተደረገበት የኪራይ መኪና አለ አለችው። በድሉ ከዚያ ወዲያ መሸመኑንም ተወ። ድሩ ተወጥሮ፣ መወርወሪያው ተቀምጦ፣ እሱ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ በር በሩን ያያል።

ሱቄ ብቅ ያለ ዕለት፣ አንተ ሰውዬ መኪና ለመኪና ምን ለውጥ አለው፣ ልጅቷ እንደሆነ መድረሷ አይቀር አልኩት። የባንኮኒዬን ጨርቅ ጫፍ እየቋጠረ ቆየ።

"ዓሊማ፣ ልጅ እያለች ትምህርት ቤት አድርሻታለሁ፣ ሐኪም ቤት አድርሻታለሁ፣ ፈተና አድርሻታለሁ። ከእንግዲህ የት ላደርሳት ነው? ይቺን አንዲቷን ላድርሳት።"

ቀጥ ብዬ ሰርኬ ዘንድ ሄድኩ። ተጨቃጨቅን፣ ተኮራረፍን፣ ታረቅን። በመጨረሻ እሺ አለች፤ ግን ሰርኬ እሺ ስትል ከነሕጉ ነው። ወደ ግራ አይታጠፍም። ሌላው አጃቢ ሳይነሳ በጣም ቀደም ብሎ ይነሳል። መንገድ ላይ ኮፈን አይከፍትም፤ ለዚህም እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። ይህም አልበቃትም፤ የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሪባኑን ለጌጥ ነው ብላ ኮፈኑ ላይ ዙሪያውን አስራ ከታች በኩል ጥርቅም አድርጋ ቋጠረችው። በድሉ ቋጠሮውን አይቶ፣ ደህና ነው አለ።

ተነሳን። የሲና ቀሚስ የኋላውን ወንበር ሞልቶ ሚዜ የሚቀመጥበት ስላጣ፣ እሷ ብቻዋን ተቀምጣ ከጨርቁ መሀል አንገቷ ብቻ ይታያል። እኔ የበዓል ልብሴን ለብሼ አበባውን ታቅፌያለሁ። በድሉ ሱፍ ለብሷል፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ ጭኗል። ቤተ ክርስቲያኑ ከአዲሱ ገበያ ዝቅ ብሎ ነው፤ ሰው በእግሩ እንኳ ላብ ሳያልበው ይደርስበታል። እኛ ግን በቀኝ ጀመርን።

በቀኝ፣ በቀኝ፣ በቀኝ ስንል ጳውሎስ ደረስን። እዚያ ምን እንደምንሠራ አትጠይቁኝ። ሲና የምትሠራበት ፋርማሲ በር ላይ ባልደረቦቿ ሲያዩን ሥራቸውን ጥለው ወጡና እልል አሉ። አንዷ መድኃኒት የሚጠብቅ በሽተኛ ሳይቀር አስጨበጨበች። ደስ ብሎን እጃችንን አውለበለብን። ዞረን ዞረን ተመልሰን በዚያው በር ስናልፍ እንደገና እልል አሉ፤ ግን ዓይናቸው ግራ ተጋብቷል። ሦስተኛ ስንመጣ አንዷ ብቻ ቆማ፣ ምን ልርዳችሁ የሚል ፊት አሳየችን።

ስልኬ መጮኽ ጀመረ። ሰርኬ ናት፤ አጃቢው በሙሉ ቀድሞን ደርሷል። የት ናችሁ ስትል እየመጣን ነው አልኳት። ከየት ነው የምትመጡት ስትል ዘጋሁት። ሮቤል ደግሞ ለሲና ደወለ። ምነው፣ ሐሳብ ቀየርሽ እንዴ ብሏት ነው መሰለኝ፣ ኧረ አልቀየርኩም፣ በቀኝ እየመጣን ነው አለችው።

በድሉ ግን አልቸኮለም። እንደዚያ ተረጋግቶ አይቼው አላውቅም። ሐዋሳ ብርድ አለ እንዴ ብሎ ጠየቃት። ሙቀት ነው አባዬ አለችው። ጋቢውን ግን ያዥ አላት። እሺ አለችው። ትንሽ ቆይቶ፣ ልጅ ሆና ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጣ የተወጠረውን ድር በጥርሷ ስትበጥስበት የነበረውን አነሳባት፤ እሷም ተቆጥተኸኝ አታውቅም እኮ አለችው። ምን ያስቆጣኛል፣ እቀጥለው ነበር አላት። እኔ ከጎኑ ሆኜ አበባውን ይዤ፣ አንዴ ሰዓት አንዴ እነሱን አያለሁ።

በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ላይ ወጣን። በሩ በግራ በኩል ወለል ብሎ ይታያል። ሰው ሞልቷል፣ ሮቤል ጥቁር ሱፉን ለብሶ እዚያ ቆሟል፣ የአጃቢው መኪና ሁሉ ክላክሱን ይነፋል። በድሉ ቀጥ ብሎ አለፈ። ሮቤል እጁን ዘርግቶ እንደቆመ በመስኮት አየሁት። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። አንተ ሰውዬ፣ ሠርግ አይደለም እንዴ፣ ሁሉም እየጮኸ ማን ያንተን ይለያል፣ ታጠፍና ትጩህ አልኩት። ለሰርኬ ቃል ገብቻለሁ አለኝ። ከኋላ ሲና አንገቷን ብቅ አደረገች።

"እትዬ ዓሊማ፣ ተይው በቃ። አባዬ፣ ይቺንም በቀኝ ዙራት።"

ዞራት። ቢዘገይም በቀኝ በኩል መጥቶ በሩ ላይ አቆመ። ወረደ፣ በሩን ከፈተላት፣ ቀሚሱን ከወንበሩ ላይ ክንድ በክንድ አወጣንላት። ከጫፉ የወረደች ክር ነበረች፤ በድሉ ጎንበስ ብሎ ቋጠራት፣ ክንዱን ሰጣት፣ ገቡ። ሰርኬ ስታልፈኝ በዓይኗ ገደለችኝ።

እኔ ግቢው ውስጥ ቀረሁ። ቶለሳ ክራቫት አስሮ መጣና መኪናዋ መንገድ ዘግታለች፣ ዘወር ላድርጋት ብሎ ገብቶ አስነሳት። ከበሩ ወደ መንገዱ ለመውጣት የግራ ፍሬቻ አበራ። ብልጭ አለች፣ ብልጭ አለች፤ ድምፅ የለም። እጄን አንስቼ አስቆምኩት። ምን ነካት፣ ለምን አትጮኽም አልኩት።

ቶለሳ በእኔ ግራ ተጋባ። አርብ ዕለት እኮ ፈትቻታለሁ አለኝ። ለሲና ብዬ ራሴ መጣሁ፣ እናንተ ድግስ ላይ ነበራችሁ፤ ጋሽ በድሉ አጠገቤ ቆሞ ራሱ ነው መብራት ያበራልኝ። አንድም ቋጠሮ አልቀረም፣ ሞክረናታል፣ ዝም ብላለች። ለማንም እንዳትናገር ስላለኝ ሰርኬን ድንገት ሊያስደስታት መስሎኝ ዝም አልኩ አለ።

በድሉ አስረክቦ ሥርዓቱ ሲያልቅ ብቻውን ወጣ። ባዶ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ ያወጣል፤ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። ሄጄ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ብዙ ልናገረው ተዘጋጅቼ ነበር። መኪናዋ ደህና ናት አይደል ብቻ አልኩት።

ዞር ብሎ በሩን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

"በግራማ ቅርብ ነው፣ ዓሊማ። ወዲያው ይደረሳል።" ወደ እኔ ጠጋ አለ። "ለልጅቷ እንዳትነግሪያት፤ ያን ሁሉ ሰው በከንቱ ያስጠበቅኩባት ይመስላታል።"

እሺ አልኩት። ፎቶ መነሳት ሲጀመር ሲና ከመሀል ጠቀሰችኝ። ስጠጋት አቀፈችኝ፣ ያ ሁሉ ቀሚስ ከበበኝ፣ ጆሮዬ ላይ አፏን አደረገች።

"እትዬ ዓሊማ፣ አርብ ዕለት ሲያሠራት በመስኮት አይቼዋለሁ። እንዳወቅኩ ለአባዬ እንዳትነግሪው።"